ሁለቱ ዓይኖች የት ይገናኛሉ? የእይታን የነርቭ መስመር በወረቀት፣ በማስመሪያና በበሬ ዓይን ማጥናት

አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥቁርና ነጭ መስመር የሞላበት ወረቀት ሳሳትም ልጁ «ምንድን ነው ይሄ፣ ባርኮድ ነው?» አለኝ። «የጭንቅላቴን ሽቦ የምፈትሽበት ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። እኔ ግን አልቀለድኩም ነበር።

የአንጎልን የእይታ መስመር ማጥናት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኤሌክትሮድ፣ ውድ ማይክሮስኮፕና ትልቅ ቤተ ሙከራ ነው። እነሱ የሌሉት ሰውም ቢሆን አንድ ጥሩ ጥያቄ በእጁ አለ፦ የምታዩት ነገር የሚፈጠረው የግራና የቀኝ ዓይን መስመሮች ከመገናኘታቸው በፊት ነው ወይስ ከተገናኙ በኋላ? ይህን መለየት ከቻላችሁ፣ ቅል ሳትከፍቱ ከመስመሩ የትኛው ክፍል ላይ እንዳላችሁ መናገር ትችላላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚያገለግል ነው። አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃችኋል፤ ለመጨረሻው ሙከራ ግን ሰኞም ሊያስፈልግ ይችላል።

የሚያስፈልጋችሁ

ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ ካርቶን፣ ወፍራም ጥቁር ማርከር፣ ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተር፣ ሜትር፣ ፕላስተር፣ አንድ ዓይን የሚሸፍን ጥቁር ጨርቅ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ክርና ደብተር። መስመሮቹን በእጅ መሥራት ከሰለቻችሁ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ግቢዎች ዙሪያ ካሉት ማተሚያ ቤቶች አንዱ ያትምላችኋል። ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን ትዕግሥት ያለው ጓደኛ ነው። ብቻችሁን አትጀምሩት።

መጀመሪያ ካርታውን በደብተር ሣሉ

ከዓይን ውስጠኛ ኋላ ግድግዳ ላይ ካለው ስስ ሽፋን፣ ከሬቲና፣ ይነሳል። ሬቲና ውስጥ ብርሃን ተቀባዮቹ ሮድና ኮን ይባላሉ፤ በአንድ የሰው ዓይን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከዓይን የሚወጣው የእይታ ነርቭ ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ገና ከዓይን ሳይወጣ ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ሬቲና ካሜራ ሳትሆን ራሷን የቻለች ትንሽ የአንጎል ቁራጭ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስቲቨን ኩፍለር በድመት ሬቲና እንዳሳየው፣ አንዱ ሴል መሐሉ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ይነቃል፣ ዙሪያው ሲበራ ደግሞ ይከለከላል። ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከዚያ ሁለቱ ነርቮች ከአንጎል ሥር ይገጣጠማሉ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፤ «ተገናኙ» ብሎ ይጽፋል። አልተገናኙም። በአፍንጫ በኩል ካለው የሬቲና ግማሽ የመጡት ክሮች ብቻ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፣ የቀሩት በጎናቸው ይቀጥላሉ። ቀጥለው አንጎል መሐል ባለው ታላመስ ውስጥ ላተራል ጀኒኩሌት የሚባለው ጣቢያ ይደርሳሉ፤ በሰው ላይ ስድስት ንብርብር አለው። 1ኛ፣ 4ኛና 6ኛው ከማዶው ዓይን፣ 2ኛ፣ 3ኛና 5ኛው በዚያው ጎን ካለው ዓይን ይቀበላሉ። የአንድ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በሏቸው፤ ሕንፃው አንድ ነው፣ ፎቁ ለየቅል።

ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ከጭንቅላት ኋላ ያለው የመጀመሪያው የእይታ ኮርቴክስ (ኮርቴክስ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ነው) ነው። እዚያም ቢሆን መልእክቱ የሚገባበት 4ኛው ንብርብር የሁለቱን ዓይኖች ለይቶ ይይዛል። ከሱ በላይና በታች ባሉት ንብርብሮች ግን ከሁለቱም ዓይን የሚሰሙ ሴሎች ይበዛሉ። «መገናኛ» ብላችሁ በቀይ ምልክት የምታደርጉት እዚህ ነው።

በዚሁ ኮርቴክስ ላይ ሌላም አዲስ ነገር ይጀምራል። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል በ1950ዎቹ መጨረሻ ከድመት ኮርቴክስ ሴል እየቀዱ ነጥብ ቢያሳዩት፣ ክብ ቢያሳዩት ዝም ይላቸዋል። የመስታወት ስላይዱን ሲያስገቡ የጠርዙ ቀጭን ጥላ ሲያልፍ ሴሉ ተንጣጣ። ሴሉ ይፈልግ የነበረው ነጥብ ሳይሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋደለ መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። እንግዲህ በካርታችሁ ላይ ሁለት ቀይ ምልክት አላችሁ፦ «መስመር የሚለይበት» እና «ዓይኖች የሚገናኙበት»። ወደ መጨረሻው እንመለስባቸዋለን።

የራሳችሁን ማየት የተሳነው ቦታ ለኩ

ወረቀት አግድም አድርጋችሁ በዓይናችሁ ቁመት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከግራ ጠርዙ አጠገብ ትንሽ መስቀል ሣሉ። ዓይናችሁ ከወረቀቱ 57 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ይህ ቁጥር እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ በዚህ ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር 1 ዲግሪ ይሆናል፣ ማስመሪያው የማዕዘን መለኪያ ሆነላችሁ ማለት ነው። አገጫችሁን በመጻሕፍት ክምር ላይ አሳርፉ።

ግራ ዓይናችሁን ሸፍኑ። በቀኙ መስቀሉን ብቻ እዩ። ጓደኛችሁ እርሳስ ላይ ነጭ ወረቀት ይጠቅልልና ጥቁር ጫፉ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ከመስቀሉ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይግፋው። 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ጫፉ ይጠፋል፤ 18 ገደማ ላይ ተመልሶ ብቅ ይላል። የጠፋበትንም የተመለሰበትንም ከላይ፣ ከታች፣ ከሰያፍ እየሞከራችሁ ምልክት አድርጉና ነጥቦቹን አገናኙ። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ የእንቁላል ቅርጽ ይወጣል። ወርዱ ብዙውን ጊዜ ወደ 5.5 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነች፣ አሥራ አንድ ጨረቃ ተደርድሮ የሚገባበት ጉድጓድ ይዛችሁ ስትኖሩ አንድ ቀን አላያችሁትም።

አሁን የሦስት ደንብ ሥሩ። ከዓይን የብርሃን መተላለፊያ ነጥብ እስከ ሬቲና 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 57 ሴንቲ ሜትር 5.5 ሴንቲ ሜትር ከሰጠ፣ 17 ሚሊ ሜትር 1.6 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የእይታ ነርቭ ከዓይናችሁ የሚወጣበትን ቀዳዳ ስፋት በማርከርና በማስመሪያ ለካችሁ! ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት በ1660ዎቹ ቦታውን ሲያገኝ እሱም በእጁ የነበረው ወረቀትና ትዕግሥት ነው።

ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት በዚያ እንቁላል መሐል የሚያልፍ ወፍራም መስመር አስምሩና እንደገና እዩ። መስመሩ አይቆረጥም። ሬቲና ምንም ካልላከችበት ቦታ ላይ አንጎል የጎረቤቱን አይቶ ይሞላል።

የበሬ ዓይን

ይህን መዝለል ትችላላችሁ፤ ግን አትዝለሉት። ከሥጋ ቤት ጭንቅላት ለሚያወጣ ሰው ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ረቡዕና ዓርብ አትድከሙ፣ ብዙው ዝግ ነው፤ ሁዳዴ ከገባማ እስከ ፋሲካ ጠብቁ፣ ያኔ የቤታችሁ በግ ሁለት ዓይን በነፃ ይሰጣችኋል። እኔ የሄድኩበት ሰውዬ «ለመድኃኒት ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ለትምህርት ነው ጋሼ» ስላቸው ሁለቱን ጨመሩልኝ። በፌስታል ይዤ በቀትር ታክሲ ተሰለፍኩ፤ ቤት ስደርስ ኮርኒያው፣ ከፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ደፍርሶ ነበር። እናንተ በረዶ ያለበት ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙት እንጂ በረዶ ቤቱ ውስጥ አታስገቡት፣ ሌንሱ ይነጣል።

ጓንት አድርጉ፣ መነጽር አድርጉ፣ አዲስ ምላጭ ተጠቀሙ። የእናታችሁን ቢላዋ በተለይ የጾሙን አትንኩ። መጀመሪያ ስቡንና ጡንቻውን ጥረጉ፤ ከኋላ ነጭ ጠንካራ ገመድ ታገኛላችሁ፣ የእይታ ነርቩ እሱ ነው። ከኮርኒያውና ከነርቩ እኩል ርቀት ላይ ነጩን ሽፋን ወግታችሁ ዙሪያውን ቁረጡ። ዝልግልግ ያለ ጄል ይፈሳል። ከፊተኛው ግማሽ ሌንሱን አውጥታችሁ ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት፤ ፊደሉን ያጎላዋል።

ዋናው ያለው በኋለኛው ግማሽ ነው። ግራጫ፣ እንደ እርጥብ ሶፍት የሳሳ ሽፋን ሬቲና ነው። በእስክሪብቶ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ ከየቦታው ይለቃል፣ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይለቅም። ያ ነጥብ ቅድም በወረቀት የለካችሁት ነው። ክሮቹ ሁሉ እዚያ ተሰብስበው ስለሚወጡ ብርሃን ተቀባይ የሚሆን ቦታ አልቀረም። ከሥሩ የሚያብረቀርቀው ሰማያዊ አረንጓዴ ደግሞ ሌሊት የከብት ዓይን በመኪና መብራት የሚያበራበት ምክንያት ነው፤ እኛ የለንም። ሲያልቅ ሁሉንም ቋጥራችሁ ጣሉ፣ ጠረጴዛውን በበረኪና እጠቡ።

በፊት ወይስ በኋላ? ቀላሉ ሙከራ

ወረቀት ላይ ሦስት አግድም ቅብ ቀቡ፦ ከላይ ሮዝ የተቀላቀለበት ሐምራዊ፣ መሐል ሰማያዊ፣ ከታች ውሃ ሰማያዊ። መሐሉ ላይ ትንሽ ነጥብ። ግራ ዓይን ተሸፍኖ በቀኙ ነጥቡን 40 ሰከንድ እዩና ወደ ባዶ ነጭ ወረቀት ዙሩ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይወጣል። አሁን ጨርቁን አዛውሩ፤ ቀኙን ሸፍኑ፣ ግራውን ክፈቱ። ባንዲራው ይጠፋል ወይም በጣም ይደበዝዛል። ወደ ቀኙ መልሱት፣ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ቀለሙን ሲያይ የደከመው ዓይን ስለተሸፈነ ብቻ መልእክት መላኩን አያቆምም፤ ጨለማ ውስጥም ትንሽ ይልካል። ስለዚህ በግራ ዓይን ስታዩ ደብዘዝ ያለ ቀለም ቢታያችሁ «ተሻገረ» ብላችሁ አትጻፉ። የሚቆጠረው ልዩነቱ ነው። መደምደሚያው፦ የደከሙት መገናኛው ጋ ከመደረሱ በፊት ያሉት ናቸው፣ በዋናነት ሬቲና ውስጥ።

ከባዱ ሙከራ፦ ያጋደለ መስመር

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ጀምስ ጊብሰን በ1937 የጻፈበት ክስተት ነው፦ ያጋደሉ መስመሮችን ለትንሽ ጊዜ ካያችሁ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ተቃራኒው ያጋደለ ይመስላችኋል። ለዚያ ማጋደል የተመደቡት ሴሎች ስለተዳከሙ ሚዛኑ ወደ ሌሎቹ ይደፋል።

ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥቁር፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነጭ መስመር ያላቸው ሁለት ክብ ወረቀቶች፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ አዘጋጁ። ክብ መሆናቸው ግድ ነው፤ አራት ማዕዘን ከሆኑ ጠርዙ ራሱ «ቀጥ ማለት ይህ ነው» ብሎ ይነግራችኋል። አንዱን ወደ ቀኝ 15 ዲግሪ አጋድላችሁ ለጥፉ። ሌላውን መሐሉ ላይ በስፒል ወግታችሁ እንዲሽከረከር አድርጉ፣ ከኋላው ዲግሪ የተጻፈበት ካርቶን ይሁን፤ ቁጥሩ ለጓደኛችሁ እንጂ ለእናንተ አይታይ። በጥቅልል ካርቶን ውስጥ አሾልካችሁ ተመልከቱ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው የበሩ መቃን በጎን ይታየኝ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ስጽፍ ዋልኩ።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

መጀመሪያ ምንም ሳታዩ፣ ጓደኛችሁ ክቡን እንደፈለገ አጋድሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ያዙረው፤ «ቀጥ አለ» ስትሉ ያቁም፣ ቁጥሩን ድምፁን ሳያሰማ ይጻፍ። በየዓይኑ አሥር ጊዜ። መነሻችሁ ይህ ነው፤ ዜሮ ላይሆን ይችላል፣ ችግር የለውም።

ቀጥሎ በቀኝ ዓይን ብቻ ያጋደለውን ለሁለት ደቂቃ እዩ። አንድ ቦታ ላይ አትፍጠጡ፣ ዓይናችሁን በክቡ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፤ ካፈጠጣችሁ ከቅድሙ ባንዲራ ጋር የሚመሳሰል የሬቲና ቅሪት ይቀላቀልባችኋል። ወዲያው ወደ ፈተናው ክብ ዙሩና «ቀጥ» በሉ። በየአንዱ ልኬት መሐል ያጋደለውን 20 ሰከንድ ድገሙ። ፈተናው በቀኝ ወይስ በግራ ዓይን እንደሚሆን ሳንቲም ይወስን። በየዓይኑ አሥር አሥር እስኪሞላ ቀጥሉ።

አማካዩን አውጡና መነሻውን ቀንሱ። «ቀጥ» ያላችሁት ክብ እናንተ ወዳያችሁት ማጋደል፣ ወደ ቀኝ፣ ጥቂት ዲግሪ ዘንበል ብሎ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ ባያችሁበት ዓይን 3 ዲግሪ፣ ባላያችሁበት 2 ዲግሪ ቢመጣ፣ ሁለት ሦስተኛው ተሻግሯል። የተሻገረው ከሁለቱም ዓይን የሚሰሙ ሴሎች ድርሻ ነው፣ ስለዚህ መገናኛው ላይ ወይም ከሱ በኋላ። ያልተሻገረው ገና አንድ ዓይን ብቻ የሚያውቁት ሴሎች ድርሻ። ቁጥሩ ግን የትኛው የኮርቴክስ ክፍል እንደሆነ በስም አይነግራችሁም፤ ከኋላ ያሉትም ክፍሎች ከሁለቱም ዓይን ይሰማሉና።

በሕፃንነቱ ዓይኑ ይንሸዋረር የነበረ ጓደኛ ካላችሁና ፈቃደኛ ከሆነ እሱንም ለኩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ መሻገሩ አነስ ብሎ ይገኛል። ሁበልና ቪዝል በድመት ግልገሎች እንዳሳዩት፣ በልጅነት ወሳኝ ወራት ሁለቱ ዓይኖች አብረው ካልሠሩ ከሁለቱም የሚሰሙት ሴሎች ይመነምናሉ። ውጤቱን ለሌላ ሰው አታሳዩ፤ የሰው ዓይን ጉዳይ ነው።

ዓይናችሁ እስኪያርፍ

አንድ ሰዓት ያህል መስመር አትዩ። በዚህ መሐል ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥላችሁ ጓደኛችሁ ከፊታችሁ ግራና ቀኝ ያወዛውዘው፤ የፀሐይ መነጽሩን አንድ መስታወት በአንድ ዓይን ላይ ብቻ ያዙ፣ ሁለቱም ዓይን ክፍት ይሁን። ቁልፉ መወዛወዙን ትቶ የሚዞር ይመስላል። መስታወቱን ወደ ሌላው ዓይን ስታዛውሩ አዟዟሩ ይገለበጣል። በጨለመው ዓይን መልእክቱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ስለሚዘገይ ነው፤ መዘግየቱ ሬቲና ላይ፣ ጥልቀቱ ከመገናኛው በኋላ። በ1922 ያብራራው ካርል ፑልፍሪች አንድ ዓይኑ አያይም ነበርና እሱ ራሱ አይቶት አያውቅም።

ኢንተርኔት ካለ ደግሞ እውነተኛ ሽቦ ተከተሉ። የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ አንጎል፣ ወደ 139 ሺህ የሚጠጉ ነርቭ ሴሎች ከነግንኙነታቸው፣ በ2024 ይፋ ሆኗል። ፍላይዋየር በሚባለው ሥራ የተዘጋጀውን ኮዴክስ የሚባል ድረ ገጽ በአሳሻችሁ በነፃ መክፈት ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ደከም ያለ ከሆነ ባለ ሦስት ገጽታውን ሥዕል ተዉትና ሠንጠረዡን ብቻ ተጠቀሙ። «ቲ4» የሚለውን ፈልጉ፤ ብሩህ ነገር ወዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚለይ ሴል ነው። ገቢዎቹን፣ ማለትም መልእክት የሚልኩለትን ሴሎች፣ ክፈቱ፦ ኤምአይ1ና ቲኤም3 የሚባሉት ከላይ ይመጣሉ። የእነሱን ገቢ ክፈቱ፣ ኤል1 ላይ ትደርሳላችሁ። ቲ4 አራት ዓይነት አለው፣ ለአራት አቅጣጫ። እያንዳንዱ የት ንብርብር ላይ እንደሚያርፍ በደብተራችሁ ሣሉ። ጨለማ ሲንቀሳቀስ የሚሠራው ደግሞ ቲ5 ነው፣ የሱን ገቢ ራሳችሁ ፈልጉ።

መጨረሻ ላይ ብቻ የሚሠራው

ይህን አስቀድማችሁ ከሠራችሁት ሌሎቹን ሁሉ ያበላሽባችኋል፤ መስመር ባያችሁ ቁጥር ቀለም ስለሚቀላቀልበት። ሰለስት መኮለክ በ1965 ያቀረበችው ነው።

ቀይ ወረቀት ላይ ቁም ጥቁር መስመሮች፣ አረንጓዴ ወረቀት ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ሥሩ። ግራ ዓይን ይሸፈን። ሁለቱን በየ10 ሰከንዱ እያፈራረቃችሁ ለአሥር ደቂቃ እዩ፣ ዓይናችሁን እያንቀሳቀሳችሁ። አምስት ደቂቃ ዕረፉና ጥቁርና ነጭ መስመር እዩ፦ ቁሙ አረንጓዴ፣ አግድሙ ሮዝ ነካ ይለዋል። ጭንቅላታችሁን ወደ ትከሻችሁ 90 ዲግሪ አዘንብሉ፤ ቀለሞቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። አሁን ቀኙን ሸፍናችሁ በግራው እዩ። ቀለም የለም። አልተሻገረም።

ደብተራችሁን ገልጣችሁ ሁለቱን ቀይ ምልክቶች እዩ። አልተሻገረምና ከመገናኛው በፊት ነው። ግን ቁምና አግድም ይለያልና መስመር ከሚለይበት በፊት ሊሆን አይችልም፤ ሬቲናም ጀኒኩሌትም ወጡ። የቀረው ጠባብ ቦታ የመጀመሪያው የእይታ ኮርቴክስ ነው፣ እሱም ውስጥ የመስመር ማጋደል የሚለዩ ግን ገና አንድ ዓይን ብቻ የሚሰሙ ሴሎች። ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም፤ ሁለት «አይደለም» አንድ «ነው» ሰጡን።

ይህ ቀለም ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል፤ ጉዳት የለውም። ጥቁርና ነጩን ወረቀት በር ላይ ለጥፉትና ባለፋችሁ ቁጥር በቀኝ ዓይናችሁ አይታችሁ ሰዓቱን መዝግቡ። ሰኞ ጠዋት የመስኮታችሁ ፍርግርግ ከነጭ ሰማይ ፊት ለፊት አረንጓዴ ቢመስላችሁ ቀለም ቀቢ አትጥሩ፤ ሰዓቱን ጻፉ።